9ኛ ክፍል ሲገቡ ውጤታቸው ለሚወርድ ሴት ተማሪዎች «በራስ መተማመን» ሥልጠና ይጠቅማል ወይስ ሌላ ነገር ይቅደም?

የጄንደር ክበብ ተጠሪ (ጎንደር)፦

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ለመምህራን፣ ለሥነ ልቦናና ለጤና ባለሙያዎች ነው።

8ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት የጨረሱ ሴት ልጆች 9ኛ ሲገቡ በመጀመሪያው ሴሚስተር ይወርዳሉ። ወንዶቹም ይወርዳሉ፤ የሴቶቹ ግን መልኩ ይለያል። እጅ ማውጣት ያቆማሉ። ሰሌዳ ውጪ ሲባሉ «አላውቀውም» ይላሉ፤ ደብተራቸው ሲታይ ሠርተውታል። ኋላ ወንበር ይመርጣሉ፣ ፀሐዩ እየተቃጠለ ሹራብ አያወልቁም። ብጉር፣ ቁመት፣ የቆዳ ቀለም እየተባለ የሚወጣላቸው ቅጽል ስም አለ። ስልክ ያላቸው ደግሞ ቲክቶክ ላይ ከሚያዩት ፊት ጋር ራሳቸውን ሲያስተያዩ ያመሻሉ።

ክበቡ በእጁ ያለው በሳምንት አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ባዶ ክፍልና መጠነኛ ገንዘብ ነው። የታሰበው የሁለት ቀን «በራስ መተማመን» ሥልጠና ሰጥቶ፣ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ መጠይቅ አስሞልቶ፣ ከዚያ የሴሚስተሩን ውጤት ማየት ነው። ይሠራል? ካልሠራስ ጊዜውና ገንዘቡ የት ይዋል?

ልብ አውቃ (የሥነ ልቦና አማካሪ)፦

መምህርት፣ የሁለት ቀኑን ሥልጠና ይተዉት። አዳራሹ ይሞቃል፣ ይጨበጨባል፣ ሻይ ቡና ይቀርባል፤ ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ሲጀመር ልጅቷ ያው ኋላ ወንበር ላይ ናት።

«ልጅ ራሷን ስትወድ ውጤቷ ይጨምራል» የሚለው ነገር ከሚወራለት በታች ነው። ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. የተከማቹትን ጥናቶች ሲገመግሙ፣ ለራስ ያለ ግምትና የትምህርት ውጤት አብረው ቢታዩም፣ ግምቱን በሥልጠና ማሳደግ ውጤትን ከፍ እንደማያደርግ አሳይተዋል። እንዲያውም በከፊል ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ግምቱን የሚወልደው ጥሩ ውጤቱ ነው።

ስሜት ከማርክ ጋር አይገናኝም ማለቴ አይደለም። ይገናኛል፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። ሻቭልሰንና ባልደረቦቹ በ1976 እ.ኤ.አ. እንዳስቀመጡት ሰው ስለ ራሱ ያለው ሥዕል ቅርንጫፍ አለው፦ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ አካሉና መልኩ። የትምህርቱም ቅርንጫፍ በየትምህርት ዓይነቱ ይከፈላል። በመልኳ ደስተኛ የሆነች ልጅ «ሒሳብ የኔ አይደለም» ልትል ትችላለች። ለሒሳብ ማርክ የሚቀርበው ይህኛው ነው፤ እሱና ውጤቱ እየተጓተቱ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ ልጆቹን «እችላለሁ!» ከማስባል፣ ባለፈው ሳምንት ያቃታትን የጥያቄ ዓይነት ዛሬ ብቻዋን እንድትፈታ ማድረግ ይበልጣል።

መልክ የሚገባው በሌላ መንገድ ነው፤ ሐሳብ በመስረቅ። በ1998 እ.ኤ.አ. ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ባልደረቦቿ በሠሩት ሙከራ፣ የዋና ልብስ ለብሰው ብቻቸውን መስታወት ያለበት ክፍል ውስጥ ሒሳብ የሠሩ ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ያነሰ ውጤት አመጡ፤ በወንዶቹ ላይ ይህ ልዩነት አልታየም። የሚመለከታቸው ሰው እንኳ አልነበረም። «ምን እመስላለሁ?» የሚለው ሐሳብ ራሱ ጥያቄውን የሚይዘውን ቦታ ወሰደው። ሰሌዳ ፊት ጀርባዋን ለ60 ሰው ሰጥታ የቆመች፣ ቀሚሴ ተነካክቶ ይሆን የምትል ልጅ እኩልታ እንዲጠፋባት ስንፍና አያስፈልጋትም።

ሁለተኛው ነገር ደረጃ ነው። 8ኛ ክፍል 2ኛ ወጥታ የመጣች ልጅ፣ ከየትምህርት ቤቱ ጎበዞች በተሰበሰቡበት ሴክሽን ስትገባ 31ኛ ትሆናለች። እውቀቷ አልቀነሰም፤ የምትለካበት ሰው ተለወጠ እንጂ። ኸርበርት ማርሽ «ትልቁ ዓሣ በትንሹ ኩሬ» እያለ ያጠናው ይህንኑ ነው፦ እኩል ችሎታ ያላቸው ሁለት ልጆች፣ ጎበዞች በተሰበሰቡበት ክፍል ያለችው ስለ ትምህርቷ የባሰ ታስባለች። ሮስተሩን ጮክ ብሎ ማንበብና ደረጃን ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይቅር። ካርድ ላይ ደረጃ መጻፉ ግዴታ ከሆነ ይጻፍ፤ ሲሰጥ ግን ለየብቻ ጠርቶ የራሷን የቀደመ ቴስት ከአሁኑ ጎን ማሳየት 2 ደቂቃ አይፈጅም።

መጠይቁን በተመለከተ፦ የታሰበው ለራስ ያለ ግምትን የሚለካው የሮዘንበርግ መጠይቅ ከሆነ (1965 እ.ኤ.አ.፣ 10 ዓረፍተ ነገር፣ እያንዳንዱ 4 ምርጫ ያለው) ሦስት ቦታ ይበላሻል። አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች አሉታዊ ስለሆኑ ነጥባቸው መገልበጥ አለበት፤ ይህ ተረስቶ ዝም ብሎ ከተደመረ ሁሉም መሐል ላይ ይከማቻል። ሁለተኛ፣ «የምኮራበት ብዙ ነገር የለኝም» ዓይነቱ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ «አልስማማም» ሲባልበት አፍራሽ በአፍራሽ ይሆንና የ14 ዓመት ልጅ ትደናገራለች፤ ጮክ ብሎ አስነብቦ መሞከር ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ራስን ማሞገስ ነውር በሆነበት ቤት ያደገች ልጅ ምን ጊዜም መሐሉን ታከብባለች። በሥልጠናው ማግስት የሚሞላው ደግሞ የሚለካው ይሉኝታን ነው።

ይልቅ አራት ነገር ይቁጠሩ፦ የቀረችባቸው ቀናት፣ በሳምንት እጅ ያወጣችበት ብዛት፣ የቴስት ማርክ፣ እና በቴስቱ ላይ ባዶ የተወቻቸው ጥያቄዎች። ከሁሉ የመጨረሻዋን ይያዙልኝ። የተሳሳተ መልስ አለማወቅን ይነግራል፤ ባዶ ቦታ ግን አለመሞከርን። ማርኳ ገና ሳይነሣ ባዶዎቹ ከ6 ወደ 2 ከወረዱ ነገሩ መንገድ ይዟል።

ጠመኔ (የሒሳብ መምህር)፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ተዘልሏል። 9ኛ ክፍል ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። ግማሹ «በራስ አለመተማመን» የሚባለው ቃሉን አለማወቅ ነው። መጀመሪያ ይህን ይለዩ፤ ካልተለየ የቋንቋውን ችግር በምክር ስናክም እንከርማለን።

መለያው ቀላል ነው። 5 ጥያቄ በእንግሊዝኛ፣ በሌላ ቀን ቁጥራቸው ብቻ የተቀየረ እነዚያኑ 5 በአማርኛ ይስጡ። በአማርኛ 4 አግኝታ በእንግሊዝኛ 1 ካገኘች ሕመሙ ቋንቋ ነው፤ በየምዕራፉ 15 የማይበልጡ ቃላት በትልቁ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍና ጥያቄውን ከመፍታት በፊት በአማርኛ ማስነገር ነው መድኃኒቱ። በሁለቱም ዝቅ ካለች መሠረቷ ጎድሏል። በጽሑፍ ሁለቱንም ሠርታ ሰሌዳ ላይ ካቃታት ግን፣ ያኔ ነገሩ ሐፍረት ነው።

ሰሌዳን ስለ መፍራት። ብዙ መምህር «ነይ ውጪ፣ ትለምጂዋለሽ» ይላል። አይለመድም፤ ይጠነክራል እንጂ። ሳቁ አንዴ ከመጣ ለሴሚስተሩ ሙሉ እጅ አይወጣም። ደረጃ በደረጃ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ አንደኛው ሳምንት ደብተሯ ላይ የሠራችውን መምህሩ አይቶ «ይህ ልክ ነው» ይበላትና ከመቀመጫዋ ታንብበው። ቀጥሎ ሁለት ሆነው ይውጡ፤ አንዷ ትጽፍ፣ አንዷ ትናገር። ቀጥሎ መምህሩ የጀመረውን የመጨረሻ መስመር ብቻ ትጨርስ። ብቻዋን የምትወጣው በአራተኛው ሳምንት፣ ያውም ልክ መሆኑን አስቀድማ ባወቀችው ጥያቄ። መምህሩ በዚህ ጊዜ ከሰሌዳው አጠገብ ሳይሆን ከክፍሉ ኋላ ይቁም፤ የሚያሾፈው ልጅ እዚያ ነው ያለው።

ስሕተት ሲገኝ ደግሞ ስሕተቱ ይጠራ፣ ልጅቷ አትጠራ። ምሳሌ፦ 7 − (3 − 5) ስጧቸው። የክፍሉ እኩሌታ −1 ይላል፤ መልሱ 9 ነው። የቅንፉ ፊት መቀነስ ስላለ −5 ተገልብጦ +5 መሆን ነበረበት። ደብተር ላይ በቀይ ትልቅ ኤክስ ከማድረግ፣ ያቺን አንዲት ምልክት ብቻ አክብቦ «ከዚህች በስተቀር ሁሉም ልክ» መጻፍ ነው። ልጅቷ 4 መስመር ሠርታ 3ቱ ልክ እንደነበሩ የምታውቀው ያኔ ነው። ኤክሱ ግን አራቱንም ይሰርዝባታል።

«ጎበዝ» የሚለውንም ቃል እንቆጥበው። ሁሉን የምናወድሰው በእሱ ነው። ሙለርና ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት «ብልህ ነሽ» ተብለው የተወደሱ ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ በጥረታቸው የተወደሱት ግን ቀጠሉ። «ጎበዝ» የተባለች ልጅ በሚቀጥለው ስትሳሳት ጉብዝናዋን የተነጠቀች ይመስላታል። «ምልክቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጠሻል፤ ለዚህ ነው ያልሳትሽው» ብትባል ግን ነገ የምትደግመው ነገር ይዛ ትሄዳለች።

የ40 ደቂቃዋን ቱቶሪያል ከ5 ያልበለጡ ልጆች በአንድ ጠረጴዛ እየሆኑ ይጠቀሙባት። 5 ደቂቃ ባለፈው የሠሩትን አንድ ጥያቄ ያለ ደብተር መድገም፤ 20 ደቂቃ አንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ፣ ከቀላል ወደ ከባድ 6 ያህል፤ 10 ደቂቃ እርስ በርስ ማስረዳት፤ 5 ደቂቃ ብቻዋን አንድ ጥያቄ። ከጥያቄዎቹ ከአምስት አራቱን ማግኘት አለባት፤ ሁሉንም ካገኘች ቀልሏል፣ ግማሹን ካጣች ከብዷል። የምታስረዳቸው ከ12ኛ የመጣች ኮከብ አትሁን፤ አምና እነሱ ወንበር ላይ የነበረች፣ 10ኛ ክፍል ያለች ተራ ልጅ ትሁን። «እሷ ከቻለች እኔም» የሚያሰኘው ቅርበቱ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ የመቻል እምነት ምንጮች ካላቸው አራቱ አንዱ ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚበረታው ግን ራስ ሠርቶ ማየት ነው ይላል።

አንድ የማይቀር ስሕተት፦ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ለደካማ ሴት ተማሪዎች የተዘጋጀ ቱቶሪያል» ብሎ መለጠፍ። ማንም አይመጣም፤ የመጣችም ቅጽል ስም ይዛ ትመለሳለች። «እኩልታ፣ ማክሰኞ» በሉት፤ በቃ።

ሲስተር ዘአዘዞ (ነርስ)፦

የጋሼ ጠመኔን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ ግን ልጅቷ ክፍል ውስጥ ከሌለች ወይም ኖራም ደም ከሌላት ቱቶሪያሉ ለማን ነው?

ከወር አበባ እንጀምር። በወር 2 ቀን ብትቀር በአምስት ወር ሴሚስተር 10 ቀን ነው፤ ሒሳብ በየቀኑ ካለ 10 ክፍለ ጊዜ። ሒሳብ ደግሞ ሰንሰለት ነው፤ አንዷ ቀለበት ስትጎድል ቀጣዩ አይገባም፤ ከዚያ «አእምሮዬ አይቀበልም» ይመጣል። የክበቡ ገንዘብ መጀመሪያ እዚህ ይግባ፦ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ባልዲ ውሃና ሳሙና፣ ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ፣ ሁለት ትርፍ የዩኒፎርም ቀሚስ፣ የሕመም ማስታገሻ በጤና ባለሙያ ምክር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜሉ በመጣበት ቀን መሞላት አለበት፤ ይህን አንድ ሰው በስሙ ይረከብ። የሚታጠብ የጨርቅ ሞዴስ የሚሰፋ ከሆነ ውስጡ ጥጥ፣ ከውጭ ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ ይሁን፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ይቀየር። የሚበላሸው ማድረቁ ላይ ነው፦ ልጆቹ አፍረው ከአልጋ ሥር ያሰጡታል፤ እርጥብ ይቆያል፤ ማሳከክና ሽታ ይመጣል፤ ሽታው ሲመጣ ልጅቷ ደግሞ ኋላ ወንበር ትሄዳለች። ፀሐይ ላይ፣ ከላዩ ስስ ሻሽ ጣል አድርጎ ማስጣት ይቻላል።

ደም ማነስ። መፍዘዝ፣ ደረጃ ስትወጣ ማለክለክ፣ ትኩረት ማጣት፣ አመድ ወይም አፈር መብላት ማማር ካለ ይመርመር። ለሴቶች ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ከ12 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል፤ ጎንደር ግን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነች፣ ከፍታ ላይ ቁጥሩ ራሱ ከፍ ስለሚል መስተካከል አለበት። 12.3 የሚል ወረቀት ይዛ «ደህና ነሽ» ተብላ የተመለሰች ልጅ ደህና ላትሆን ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስ በበዛበት አካባቢ የወር አበባ ለጀመሩ ልጆች በሳምንት አንድ ጊዜ 60 ሚሊግራም አይረንና 2.8 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ይመክራል። ሰገራ ይጠቁራል፤ ይህን ቀድመው ካልነገሯቸው ፈርተው ይጥሉታል። ሻይና ቡና ከምግብም ሆነ ከኪኒኑ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ይራቅ፤ አይረኑ ከሰውነት እንዳይዋሃድ ያግዱታል። ጤፍ አይረን አለው የሚባለው እውነት ነው፤ በደንብ ከቦካ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ከላዩ ወዲያው ሻይ ከተጠጣበት ግን ብዙው ይቀራል።

እንቅልፍ። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው የሚያስፈልገው። እንጀራ ጋግራ፣ ዕቃ አጥባ፣ ማታ 5 ሰዓት ላይ የተኛችና ውሃ ልትቀዳ ከንጋቱ 11 ሰዓት የተነሣች ልጅ 6 ሰዓት ብቻ ነው ያገኘችው። ወንድሟ ግን ለ8 ሰዓት ያህል ተኝቷል። ይህን ለወላጅ «የሥነ ልቦና ችግር አለባት» ከማለት በቁጥር ማሳየት ይቀላል፤ በሳምንት ሁለት ቀን የውሃው ተራ ለወንዱ ይሁን ማለት እናትም አባትም የሚገባቸው ነገር ነው።

ድብርት። በልጆች ሁልጊዜ በለቅሶ አይመጣም፤ ቁጡነት፣ ራስ ምታት፣ ሆድ ቁርጠት፣ «ልቤን ይደክመኛል» ሆኖ ይመጣል። እዚህ አገር የሚያሳስተን አንድ ቃል አለ፦ «ጨዋ ናት»። አንገቷን ደፍታ፣ ከማንም ሳታወራ፣ ምሳዋን ሳትከፍት የምትውል ልጅ ትመሰገናለች እንጂ አትጠየቅም። ጨዋዋ ልጅ ከጓደኛዋ ጋር ትስቃለች፤ የታመመችው ያንንም ትታለች። ለውጡ ከ2 ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን ከዘለቀ ያነጋግሯት። ባለ 9 ጥያቄው የድብርት መለያ (እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ 27) 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለባለሙያ ይላካል። መጠይቁን ግን ለክፍሉ በጅምላ እንዳትሰጡ። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ነው፤ አንዲት ልጅ ከ0 ሌላ ካከበበች የዚያኑ ዕለት ብቻዋን ሳትተዋት ማነጋገርና ማድረስ ግዴታ ነው። ያን የሚያደርግ ሰው ከሌለ ወረቀቱ ባይበተን ይሻላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ቤተሰብ ጠበል ልውሰዳት ካለ አትሟገቱ፤ «ጠበሉንም፣ ሐኪሙንም» በሉ፤ መድኃኒት ከተጀመረ ግን እንዳይቋረጥ አደራ በሉ።

አንዲት ማስጠንቀቂያ፦ ልጅቷ የወረደችው በመንገድ የሚለክፋት ወይም የሚነካካት ሰው ስላለ ከሆነ፣ ይህ ስለ ራስ የሚታሰብ ሥዕል አይደለም፤ ወንጀል ነው። ምክር አይበቃውም፤ ወደ ሕግ ይሄዳል።

የወላጅ ኮሚቴ፦

ሁሉም ጥሩ። ለኔ ግን ስሩ ስልክ ነው። ይቀማና ይለቅ፤ ይህን ሁሉ ቁጥር ምን አመጣው?

ልብ አውቃ፦

አባቴ፣ ቢቀማ በጓደኛዋ ስልክ ታየዋለች፤ ያኔ ደግሞ የሚነግሯት ሰው የለም። ሌሊት ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፤ የእናትና የአባትም ጭምር፤ ያለዚያ አይከበርም። ከዚያ ክበቡ ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ፦ አንድ ፊት በፊልተርና ያለ ፊልተር ጎን ለጎን ያሳዩ፣ የሚያስከፏትን ገጾች ራሷ ታጥፋ። የሚያቀላ ክሬም የምትቀባ ካለች ሲስተርን ታማክር፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ቆዳ ያሳሳሉ፣ ብጉሩን ያባብሳሉ።

የጄንደር ክበብ ተጠሪ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ሥልጠናው ቀርቷል፤ ገንዘቡ ወደ በሩና ወደ በርሜሉ ይሄዳል። አንድ ይቀረኛል፦ ፈተና ላይ የሚንቀጠቀጡትስ? 9ኛ ክፍል ሆነው ከአሁኑ ስለ 12ኛ ይጨነቃሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚወስዱት ሆኗል፤ የመጀመሪያው ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁሉም በቃሉ ያውቃል።

ልብ አውቃ፦

ራሚሬዝና ቤይሎክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከፈተናው በፊት ለ10 ደቂቃ ጭንቀታቸውን በወረቀት የጻፉ ተማሪዎች ተሻሽለው ተገኝተዋል፤ ከተሞከረባቸው መካከል 9ኛ ክፍሎች ነበሩ። የሚጠቅመው በጣም ለሚጨነቁት ነው፤ ሌሎቹ ላይ እምብዛም። ወረቀቱን ማንም አያነብም፤ ራሷ ትቀደው። ከዚያ ወረቀቱ ሲሰጥ የመጀመሪያውን ጥያቄ አትጀምር፤ ሙሉውን ገልብጣ የምታውቀውን አንድ ፈልጋ እሱን ትሥራ። እስትንፋሱ የሚመለሰው እዚያ ነው።

ጠመኔ፦

የቴስቱን ቀን ደግሞ ተመልከቱ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር፣ አዲስ ቀሚስ ያልተገዛላት ልጅ ከጥር 11 በፊት ባለው ሳምንት ልቧ ደብተር ላይ አይደለም፤ የተገዛላትም ሹሩባ ስትሠራ ነው የምትውለው። ጥር 12 ሚካኤል ነው፤ ከተማው ገና አልተኛም። የማጠቃለያ ቴስቱን ከጥር 13 በፊት አታድርጉት፤ ከተቻለ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ሳምንት ግፉት።